መርዶ መንገር የተማርንበት ክፍል

በመጀመሪያው የሥራ ቀኔ ሆዴን ታመምኩ። ሕመሙ የራሴ አልነበረም፤ የነርስ መምህሯ ሲስተር ዘውድነሽ ከወረቀት አንብባ የሰጠችኝ ነው። ከእምብርቴ በስተቀኝ ዝቅ ብሎ ይወጋኛል፤ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም፤ ስራመድ ይብስብኛል። ይህን በቃሌ ይዤ አልጋ ላይ ወጣሁ። የጤና ኮሌጁ ተማሪዎች አንድ በአንድ እየገቡ ጠየቁኝ፣ ሆዴን ዳሰሱኝ።

ከዚያ በፊት ደብረ ታቦር ውስጥ ሰው ቤት ልብስ አጥቤአለሁ፤ የዚያኑ ኮሌጅ ግቢም ጠርጌአለሁ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው። ሥራውን የጠቆሙኝ የበሩ ጥበቃ ጋሽ ደሴ ናቸው። ታመሚልን ብለው የሚቀጥሩት ሰው ይፈልጋሉ፣ ያንቺ ፊት ደግሞ ሳትታመሚም የታመመ ይመስላል አሉኝ። ጋሽ ደሴ የእድራችን ዳኛ ስለሆኑ እንዲህ ብለው ቢናገሩም የሚቀየማቸው የለም።

በውሉ ላይ የሥራዬ መጠሪያ «የማስተማሪያ ታካሚ» ይላል። ተማሪዎቹ እርስ በርሳቸው «የውሸት በሽተኛ» ይሉናል። ተማሪው እውነተኛ ሕመምተኛ ላይ ከመሳሳቱ በፊት እኛ ላይ ይሳሳት ተብሎ የመጣ ሥራ ነው።

በዚያ በመጀመሪያው ቀን አንዷ ተማሪ ሌላስ የሚያምዎት አለ ወይ ስትለኝ ወገቤን ነገርኳት። ልብስ ሳጥብ የከረመ እውነተኛ ሕመም ነበር። ሲስተር ዘውድነሽ ተማሪዋ እስክትወጣ ጠብቃ መጣችና «እትዬ ጥሩወርቅ፣ ወገብሽን ለራስሽ ያዢው» አለችኝ። ለአንዷ ሆዴን፣ ለሌላዋ ሆዴንም ወገቤንም ከሰጠሁ ተማሪዎቹ እኩል አልተፈተኑም ማለት ነው። ይህን ከዚያ ወዲህ አልረሳሁም።

ለሁሉም ተማሪ አንድ ዓይነት መልስ እንሰጣለን። ያልተጠየቅነውን አንናገርም። ደወል ሲደወል ሕመሙንም እንባውንም እዚያው ትተን ለሚቀጥለው ተማሪ እንደ አዲስ እንጀምራለን። በመጨረሻ መምህሩ ምን ተሰማሽ ብሎ ይጠይቃል። የተማሪውን ዕውቀት አንመዝንም፤ እሱ የመምህራኑ ነው። አከበረኝ፣ ተቆጣኝ፣ እጁን ሳያሞቅ ዳሰሰኝ፣ እኛ የምንለው ይህን ነው። የደብረ ታቦር ጠዋት ብርድ ስለሆነ እጅ አለማሞቅ ብዙ ጊዜ ይነሣል።

እኔ ፈሪ ነኝ። ያልታመሙትን ታምሜአለሁ ማለት ሟርት ይመስለኝ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ወራት ከሥራ ስገባ ጠበል ሳልጠጣ እራት አልበላም። ልጄ ጌታነህ ይስቅብኛል። ዛሬ ደግሞ ምን ይዞሽ መጣሽ ይለኛል። ጌታነህ አንድ ልጄ ነው፤ አባቱ ከሞተ ወዲህ ያለነው ሁለታችን ነን። የጭነት መኪና ረዳት ነው፤ ከሹፌሩ ጋር ከወረታ ሩዝ እየጫኑ በእኛ ከተማ አልፈው ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ቆላው ይወርዳሉ።

ኋላ ኮሌጃችን ቆላ ካለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተስማማ። የሁለቱንም ስም አልጽፍም። እነሱ ዘንድ ስፔሻሊስት ሐኪሞች አሉ፤ የሠለጠነ የማስተማሪያ ታካሚ ግን አንዲት ሴት ብቻ ናት ያለቻቸው። እኛ ዘንድ ታካሚዎች ብዙ ነን፤ ሐኪም መምህር ግን አይገኝም። ስለዚህ አንዱ ትምህርት በሁለት ክፍል እንዲሰጥ ሆነ። እኛ ክፍል ካሜራና ግድግዳ የሚያክል ስክሪን ተተከለ፤ እነሱም እንደዚያው። የነሱ መምህር ዶክተር ከድር ከዚያ ሆነው ያስተምራሉ፣ የኛ ተማሪዎች ከዚህ ይሰማሉ። የነሱ ተማሪዎች በስክሪን እኔን ይጠይቁኛል፣ የኛዎቹ እኔኑ በእጃቸው ይመረምሩኛል። ሁሉም ይቀረጽና ተማሪ ደግሞ እንዲያየው ይቀመጣል። ውጤቱን ሲስተር ዘውድነሽና ዶክተር ከድር ለየብቻ ሞልተው በኋላ ያስተያያሉ።

በስክሪን መታመም የራሱ ሙያ አለው። ማይክራፎኑ ነጠላዬ ጫፍ ላይ ይሰካል፤ ነጠላ መነካካት ክልክል ነው፣ እነሱ ጆሮ ላይ ነጎድጓድ ይሆናል። ካሜራውን ሳይሆን የተማሪውን ፊት ነው የማየው። መስመሩ ሲቆራረጥ ባለሁበት ቆሜ፣ ሲመለስ ከተቋረጠው ቃል እቀጥላለሁ። አንድ ጊዜ አፌን እንደከፈትኩ ምስሌ ደርቆ ቀርቶባቸው ዶክተር ከድር «ወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ ሕመሙ እንዲህ ነው ወይስ ኔትወርኩ?» ብለው ሁለቱንም ክፍል አሳቁ። እነሱ በወረቀት እያራገቡ፣ የእኛ ተማሪዎች ጋቢ ተከናንበው ያው አንድ ትምህርት ይማሩ ነበር።

ከዚያ የቆላው መንገድ ተዘጋ። ጌታነህና ሹፌሩ ወደ ቆላ እንደወረዱ ነው። የስልክ ኔትወርክም አብሮ ጠፋ። የኮሌጁ መስመር በሌላ ገመድ የሚመጣ ስለሆነ እየሠራ ቀጠለ። እኔም ሥራ አላቋረጥኩም፤ ቤት ብቻዬን ከመቀመጥ የሌላ ሰው ሕመም መታመም ይሻል ነበር። ሳምንት ሳምንትን ወለደ። ከቆላ የመጣ ሰው ካለ ብዬ መናኸሪያ እየሄድኩ እጠይቅ ነበር፤ የመጣ የለም። ቆላው ሰፊ ስለሆነ ልጄ ዩኒቨርሲቲው ያለበት ከተማ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም።

በዚሁ መሐል አዲስ ትምህርት መጣ። ክፉ ወሬ ለቤተሰብ እንዴት ይነገራል የሚል ነው። ዶክተር ከድር ሥርዓቱን በስክሪን አስተማሩ። ተቀመጥ፤ ምን ያህል እንደሚያውቁ ጠይቅ፤ ከዚያ በግልጽ ቃል «ሞቷል» በል፤ ከዚያ ዝም ብለህ ጠብቅ። ደክሟል፣ አርፏል፣ ትንሽ ከብዶበታል ማለት አይፈቀድም። እኒህን ቃሎች የሰማች እናት ምግብ ይዛ ተመልሳ መጥታ ልጇ የተኛበትን አልጋ ባዶ ስታገኝ አይቻለሁ አሉ።

ሲስተር ዘውድነሽ አልተስማማችም። በእኛ አገር መርዶ እንዲህ አይነገርም አለች። የሞተበት ሰው ሳይሰማ ይቆያል፤ ዘመድና ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ሲነጋ ትልልቆቹ ቀድመው ይገባሉ። ሰውየው የገቡትን ሲያይ ገና አንድ ቃል ሳይነገር ያውቀዋል። ብቻዋን ለተቀመጠች እናት አንድ ልጅ እግር ተማሪ መጥቶ ሞቷል ቢላት ስትወድቅ ማን ይይዛታል አለች። ሁለቱ በስክሪን እንዲህ ሲከራከሩ ተማሪዎቹ ከወዲህም ከወዲያም ይሰማሉ። በመጨረሻ ተስማሙ። ግልጹ ቃል ግዴታ ነው፤ ግን የእኛ ተማሪዎች ከፈለጉ ሁለት ሰው አስከትለው መግባት ይችላሉ።

ወረቀቱ ላይ የሞተው ወንድ ልጅ ነበር። ሲስተርን ለብቻዋ ይዤ ወንድ ልጅ አልልም አልኳት። ምክንያቱን ታውቃለች። ከዶክተር ከድር ጋር ተነጋግራ በሁለቱም ክፍል ሴት ልጅ እንድትሆን አስለወጠችው፤ ሰብለ የምትባል። ሰብለ ማታ ሐኪም ቤት ገብታለች። እናቷ ጠዋት ምሳ ዕቃ ይዛ ትመጣለች። ሴት ልጅ ስለሌለኝ ተቀበልኩ።

የፈተናው ዕለት አልጋው ወጥቶ ወንበሮች ተደረደሩ። መጀመሪያ የቆላዎቹ ተማሪዎች በስክሪን ገቡ። በየተራ «ሰብለ ሞታለች» አሉኝ። እኔም በየተራ አለቀስኩላቸው። ስክሪን ላይ ያለ ሰው ቤቴን አያውቀውም፤ የሚለኝም ነገር ወረቀቱ ላይ ያለው ነው። አልፈራሁም። ቀጥሎ የእኛዎቹ ገቡ። አንዱ ሁለት ጓደኞቹን አስከትሎ መጥቶ ጓደኞቹ ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው ሲስተር አስወጣቻቸው።

ከእነሱ ቀጥሎ ተራው የትርንጎ ነበር። ትርንጎ ከእስቴ ገጠር የመጣች፣ ነገረ ሥራዋ የተረጋጋ ልጅ ናት። የጓደኞቹን ሳቅ ከውጭ ሰምታ ኖሮ፣ መርዶ በልጆች ይነገራል እንዴ ብላ ወደ በሩ ሄደች። እዚያ ያገኘቻቸውን ትልልቅ ሰዎች ይዛ መጣች። ጥበቃውን ጋሽ ደሴን፣ በሩ ላይ ሻይ የምትሸጠውን ዘይነባን። ትርንጎ የምታድረው ኮሌጁ ግቢ ውስጥ ነው። ጋሽ ደሴ የእድሬ ዳኛ፣ ዘይነባም የግድግዳ ጎረቤቴ መሆኗን አታውቅም። ልጄ ከሄደበት አለመመለሱንም አልሰማችም።

በሩ ተከፈተ። ቀድመው የገቡት ጋሽ ደሴ ናቸው። ቆባቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘዋል፤ ጋቢያቸውን እንደ ለቀስተኛ አዘቅዝቀውታል። ዘይነባ ተከተለች። ባየችኝ ቁጥር ቀልድ የማታጣ ሴት ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ መጣችና ጎኔ ተቀምጣ ክንዴን ያዘችኝ። ትርንጎን አላየኋትም።

ምሳ ዕቃው ከእጄ ወደቀ። «ጋሽ ደሴ፣ የት ላይ ነው?» አልኳቸው።

ጋሽ ደሴ አቀረቀሩ።

«ሬሳውን አመጣችሁት?»

ከዚያ ቀጥሎ የሆነውን የማውቀው ከቀረጻው ነው። ትርንጎ ሰብለ ብላ ጀምራለች፤ እኔ ጌታነህ እያልኩ ደረቴን እየመታሁ መሬት ላይ ነኝ። ትርንጎ ጌታነህ ማን እንደሆነ አታውቅምና ግራ ገብቷት ወደ ካሜራው ታያለች። በወዲያኛው ክፍል ያሉት ተማሪዎች ለሥራው የማለቅስ ይመስላቸዋል፤ አቀርቅረው ይጽፋሉ። ሲስተር ዘውድነሽ የልጄን ስም እንደሰማች ከጎን ክፍል ሮጣ ገባች፤ ቀረጻው እዚያ ላይ ይቆማል።

ፈተና እንደሆነ ሲነግሩኝ አላመንኳቸውም። ዘይነባ በአላህ ስም እየማለች «ምንም የሰማነው የለም፤ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ አሉን፣ ተቀመጥን» አለችኝ። ጋሽ ደሴም ልጅቷ ለመርዶ ሽማግሌ እፈልጋለሁ ብትለኝ ሽማግሌ ከተባለ ምን ይደረጋል ብዬ መጣሁ፣ መች ላንቺ መሆኑን አወቅኩ አሉ። ጌታነህ ደኅና ነው አለችኝ ሲስተር። ደኅና ነው አሉ ጋሽ ደሴም። በር ላይ የተሰበሰቡት ተማሪዎችም ደኅና ነው አሉ። መርዶ ሊነገረው ያለ ሰው እስኪነጋ ድረስ የሚባለው ደግሞ ይኸው ነው። አባቱ የሞተ ጊዜም እኔን ያቆዩኝ ደኅና ነው እያሉ ነበር። ደኅና ነው ባሉኝ ቁጥር የልጄን መሞት ይበልጥ አረጋገጥኩ።

ስክሪኑ እንደበራ ነበር። ዶክተር ከድር ስሜን ጠሩ። እሳቸው ደኅና ነው አላሉኝም።

«ልጅዎ በሕይወት ይኑር አይኑር አላውቅም» አሉኝ። «የሚያውቁ መስለው የሚያባብሉዎትም አያውቁም። መንገድ የተዘጋባቸው ጭነት መኪኖች የቆሙት እኛ ከተማ ዳር ነው። የመኪናውን ቀለምና የሹፌሩን ስም ይንገሩኝ፤ ሰው ልኬ አስፈልገዋለሁ።»

አላውቅም ሲሉኝ ቀዝቃዛ ውሃ እንደተደፋብኝ ሆንኩ፤ ግን ጩኸቴ ቆመ። የመኪናውን ቀለም ነገርኳቸው። የሹፌሩን ስም ዘይነባ ነገረቻቸው፤ እኔ ከአፌ ጠፍቶብኝ ነበር።

ዘይነባ ሻይዋን ዘግታ ከእኔ ጋር ዋለች፣ ከእኔ ጋር አደረች። በማግስቱ ሲስተር አስጠራችኝ። ወደ ኮሌጁ ስሄድ መንገድ ላይ ቆም ቆም እያልኩ ነው የደረስኩት።

ወሬው መጀመሪያ የደረሰው ለሲስተር ዘውድነሽ ነበር። ትርንጎ እኔ ልንገራት ብላ እንደለመነችና ሲስተርም ሳትወድ እንደፈቀደችላት ኋላ ሰማሁ። ክፍሉ ያው ክፍል ነው፤ ካሜራው ግን ጠፍቷል። ትርንጎ ብቻዋን ገባችና በሩ አጠገብ ቆመች። ዓይኗ አብጧል።

«እትዬ፣ ማን አብሮዎት እንዲሆን ይፈልጋሉ?» አለችኝ።

ዘይነባን አልኳት። ዘይነባ ውጭ ቆማ ነበርና ገብታ አጠገቤ ተቀመጠች። ያኔ ትርንጎ ወንበር ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«የምነግርዎት ስለ ጌታነህ ነው። በሕይወት አለ። እኔ አላየሁትም፤ ያየውና ያነጋገረው የዶክተር ከድር ተማሪ ነው። ግራ እጁ ላይ ጉዳት ደርሶበታል። የመኪናው የኋላ በር ጣቶቹን ጨፍልቋቸው አንዱን ሐኪሞች ቆርጠውታል። አሁን ቁስሉ እየደረቀ ነው። መኪናው ውስጥ ነው የሚያድረው። መንገዱ መቼ እንደሚከፈት ግን አላውቅም።»

ከዚያ እንደተማረችው ጠበቀች።

«የትኛውን ጣቱን?» አልኳት።

«ትንሿን ጣት።»

ዘይነባ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም። ደኅና ነው ብቻ ብትለኝ ኖሮ አላምናትም ነበር። ክፉውን ስላልደበቀችኝ ደጉን አመንኩ። አንድ ጣት ስለጎደለው ልጄ በሕይወት መኖሩ እርግጥ ሆነልኝ።

ወደ ዩኒቨርሲቲው ይዘውት መጥተው በስክሪን እንዳየው ሞክረው ነበር። ሹፌሩ ሩዙን ማን ይጠብቃል ብሎ አልለቀቀውም። ሹፌሩን አልፈርድበትም፤ የረዳት ሥራ ይኸው ነው።

የትርንጎ ፈተና ጉዳይ ሆነ። በዶክተር ከድር ወረቀት ወድቃለች፤ ግልጹን ቃል አልተናገረችም። በሲስተር ዘውድነሽ ወረቀት ደግሞ ሰው አስከትላ በመግባቷ ጥሩ አግኝታለች። ሲስተር እትዬ ጥሩወርቅ መሬት የወደቀችው እኮ ልጅቷ አሠራሩን በደንብ ስለሠራችው ነው ብላ ተከራከረች። ዶክተር ከድርም ችግሩ ያው ነው፣ ቃሉ ሳይነገር የሰዎቹ አገባብ ስለተናገረ እናትዮዋ የሌላ ሰው ሞት ሰማች አሉ። ምን ተሰማሽ ብለው እኔንም ጠየቁኝ፤ እንደ ሥራው ደንብ። ሰዎቹ ሲገቡ ገደሉኝ፣ ሰው ባይኖር ደግሞ ማን ያነሣኝ ነበር አልኩ። ድጋሚ ትፈተን ተባለ፤ በእኔ ሳይሆን በቆላዋ የማስተማሪያ ታካሚ።

ድጋሚውን ከጥግ ተቀምጬ አየሁት። ሴትዮዋ በስክሪኑ ላይ ብቻዋን ምሳ ዕቃዋን አቅፋ ተቀምጣለች። ትርንጎ ሰላምታ ሰጠቻትና አጠገብዎ ማን አለ ብላ ጠየቀቻት። ማንም የለም አለች ሴትዮዋ። እንግዲያው አንድ ሰው እስኪመጣልዎት እጠብቃለሁ አለች ትርንጎ። ጠበቀች። በወዲያኛው ክፍል ግራ መጋባት ሆነ፤ ተማሪዎቹ ሁሉ ለፈተና ውጭ ተሰልፈዋል፣ መግባት አይፈቀድላቸውም። በመጨረሻ ዶክተር ከድር ራሳቸው መነጽራቸውን አውልቀው ገቡና ሴትዮዋ ጎን ተቀመጡ። ጋሽ ደሴ በመስኮት ሲያዩ ኖረው «ዶክተሩንም ለቅሶ አስቀመጠቻቸው» አሉ።

ያኔ ትርንጎ «ሰብለ ሞታለች» አለች። ሴትዮዋ ስታለቅስ ዶክተር ከድር ትከሻዋን ይዘው ነበር። ትርንጎ አለፈች።

ከዚያ ወዲህ የሁለቱ ተቋማት የመመዘኛ ወረቀት ተቀይሯል። ቃሉ ግልጽ መሆን አለበት የሚለው አለ፤ ከሱ በፊት ደግሞ ሰሚው አጠገብ ሰው መኖሩን ጠይቅ የሚል ገብቷል፤ በስክሪን ሲሆንም ጭምር። ለእኛም ደንብ ወጣልን። ሲስተር ዘውድነሽ ልብስ ሳንቀይር ቤት ምን አለ ብላ ትጠይቃለች። የሚያስጨንቅ ነገር ያለባት ያን ቀን የሆድ ሕመም ይሰጣታል፣ የሞት ወሬ ግን አይሰጣትም። ታካሚዋን የሚያውቃት ሰው ለፈተና አይገባም።

መንገዱ ሲከፈት ጌታነህ መጣ። ከስቷል፤ እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ ነው የገባው። አውጣው አልኩትና አየሁት። አሁንም በዚያው መኪና ይሠራል፤ እኔም አሁንም እፈራለሁ። ትርንጎ ተመርቃ ገጠር ጤና ጣቢያ ገብታለች። የሁለቱ ክፍሎች ትምህርት ቀጥሏል፤ መስመሩም እንደ ልማዱ ይቆራረጣል።

ወደዚህ ሥራ ለምትመጡ፣ ለምታስተምሩም፣ በእነዚህ ዓመታት ያወቅኩት ይህን ነው። ቃሉ በስክሪን ከሩቅ ሊመጣ ይችላል፤ ግልጽ ይሁን። አጠገብ የሚቀመጠው ሰው ግን በስክሪን አይመጣም፤ ቀድሞ እዚያው መገኘት አለበት። አንዱ ከጎደለ ሌላው ብቻውን አይበቃም።